ጋቢ የሚያለብስ ሌባ

ቀን በስምንት ሰዓት ከሕፃን ልጄ ጋር ተኝተን ሳለ ሌባ ገብቶ ስልኬን ወሰደ። ስነቃ በሩ ገርበብ ብሏል፤ እግራችን ሥር የነበረው ጋቢ ደግሞ እላያችን ላይ ተደርቧል። ሌባ ሰው ያለብሳል እንዴ?

በማግስቱ ልጄን እናቴ ጋ ትቼ፣ አዲስ ቁልፍ እንዲገጥምልኝ ሲግናል ሰፈር መንገድ ዳር የሚሠራ ቁልፍ ሠሪ ይዤ መጣሁ። ትሑት ሰው ነው፤ ሳልለው ጫማውን አውልቆ ገባ። ብሎኑን እያጠበቀ፣ ቀና ሳይል፣ "እህቴ፣ ልጁን ሳሉ ተሻለው?" አለኝ።

ልጅ እንዳለኝም ሆነ ስለ ሳሉ አልነገርኩትም።

"ተሻለው" አልኩ።

"እሰይ! ደረቱን ሸፍኚለት፤ ይሄ የእንጦጦ ብርድ ለሕፃን አይሆንም። በይ፣ አሁን ተረጋግተሽ ተኚ።"

ሲሄድ የቁልፉን ካርቶን አነሳሁት። ሦስት ቁልፍ አለው ይላል። እጄ ላይ ያሉት ሁለት ናቸው።