ሰማያዊ ነጥብ ያለው ሰርቨር

በጸደይ አንድ ብርዳማ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ፣ ጋሽ ሲሪል ሞችኒክ የሱፍ ብርድ ልብስ በብብታቸው ይዘው ወደ ንብ አርቢዎች ማኅበር ቤት ሲጣደፉ አገኘኋቸው። ሰው የታመመ መስሎኝ አስቆምኳቸው።

«ሰው ደህና ነው፤ ሰርቨሩ ነው እንጂ» አሉኝ። «ከትናንት ጀምሮ ያቃስታል። ብርድ ገብቶበት ነው።»

እኔ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለውን ሣጥን የሚገድለው ሙቀት እንጂ ብርድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጋሽ ሲሪልን መንገድ ላይ አቁሞ ማስተማር ትርፉ ድካም መሆኑንም እንዲሁ። ስለዚህ ዳቦዬን ትቼ ተከተልኳቸው።

ሣጥኑ የተቀመጠው ከማኅበሩ ቤት ጓዳ፣ ከማር ማሰሮዎቹ አጠገብ ነው። በውስጡ የግራጫ ንቦቻችን የዘር መዝገብ አለ፤ የትኛዋ ንግሥት ከየትኛዋ እናት እንደወጣች፣ ገራም ትሁን ተናዳፊ፣ ምን ያህል ማር እንዳስገኘች። ጋሽ ሲሪልና ወንድማቸው ቪንኮ መዝገቡን የጀመሩት ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት በደብተር ነበር። ከአሥራ አራት ዓመት ወዲህ ግን ሁሉም በዚህ ሣጥን ውስጥ ነው፤ አሥራ ዘጠኙ አባላት ከየቤታቸው በኮምፒውተር እየገቡ ይጽፉበታል። ደብተሮቹን ከተገለበጡ በኋላ ጎርፍ በላቸው። መዝገቡ ከጠፋ የሁለቱ ወንድማማቾች ዘር ማንም የማይመሰክርለት ተራ ንብ ይሆናል። ቪንኮ ሞቷል፤ ጋሽ ሲሪል ልጅ የላቸውም። የቀራቸው ይኸው ነው።

ሣጥኑ አናት ላይ ሰማያዊ ነጥብ አለ፤ የቀቡት እሳቸው ናቸው። እኛ ንግሥት ንብ ስትወለድ ጀርባዋ ላይ የዓመቱን ቀለም እንቀባታለን። ሣጥኑ በመጣበት ዓመት ተራው የሰማያዊ ነበር።

ጓዳው ውስጥ ትያሻ ቆማ ጠበቀችን። አሮጌውን ሰርቨር በአዲስ እንድትተካ የማኅበሩ ኮሚቴ ከክራን ከተማ ያስመጣት ቴክኒሻን ናት። አዲሱን ሰርቨር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ አሮጌውን የሸፈነውን ሌላ ብርድ ልብስ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ይዛለች።

«ጋሽ ሲሪል፣ ይሄ የእርስዎ ነው? ደግሞ ሁለተኛ ይዘው መጡ እንዴ?»

«ቀፎ በብርድ ጊዜ አይለብስም?»

«ቀፎ ውስጥ ንብ አለ። እዚህ ውስጥ ያለው ማራገቢያ ነው። አየር አጥቶ እኮ ነው የሚያቃስተው!»

«እሺ፣ ልብሱ ይነሳ። አንቺም ዕቃሽን ይዘሽ ወደ ክራን ተመለሺ።»

«ዲስኩ አርጅቷል፣ ጋሽ ሲሪል። ድምፁን ይስሙት። ዛሬ ያላዛወርነውን ነገ ላናገኘው እንችላለን።»

«አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላሳፈረኝም።»

«ያረጀች ንግሥት እንቁላል መጣል እስክታቆም ይጠብቃሉ?»

«በንብ አትምጪብኝ!» አሉ ፊታቸው እየቀላ። «ደግሞ መዝገቡን አትቅጂ አላልኩሽም፤ ቅጂ። ግን እሱን አታጥፊው። ሁለቱም ጎን ለጎን ይሥሩ። ምን ይጎዳል?»

ትያሻ ቁጣቸው እስኪበርድ ጠበቀች። ይህን ትዕግሥት በክፍሌ ካስተማርኳቸው ልጆች በጥቂቶቹ ብቻ አይቻለሁ።

«ሁለት ሥራ ነው ያለብን» አለች። «አንደኛው መዝገቡን መገልበጥ ነው፤ እሱ ቀላል ነው። ሁለተኛው ማንነቱን ማዛወር ነው። የአባላቱ ኮምፒውተሮች የሚያውቁት አንድ ስምና አንድ አድራሻ ነው። አዲሱ ያንን ካልወረሰ ማንም አያገኘውም። የአባላቱ የይለፍ ቃል፣ ማን የቱ ላይ እንዲጽፍ እንደተፈቀደለት፣ የቱን ማን እንደጻፈው፣ ይሄም ሁሉ አብሮ መሄድ አለበት። አዲሱ ስሙን ከወረሰ በኋላ ደግሞ አሮጌው በዚያው ስም መስመሩ ላይ መቆየት አይችልም።»

«ስሙን ነጥቀሽ ልትጥይው ነዋ!»

ጋሽ ሲሪል ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ክርክሩ ስለ ሣጥኑ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ አዘንኩላቸውም። ነገር ግን ማዘን ዲስክ አያድስም። እኔም ለኮሚቴው ክብር ሲሉ እንዲፈቅዱ ለመንኳቸው። እያጉረመረሙ ፈቀዱ።

ትያሻ መዝገቡን ገለበጠች፣ የሁለቱን ቁጥር አስተያይታ አንድም እንዳልጎደለ አሳየቻቸው። ከዚያ አሮጌውን አጥፍታ ስሙንና አድራሻውን ለአዲሱ ሰጠች። አሮጌው ሣጥን ላይም «አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጠፈች። «አንድ ወር ሳይነካ ይቀመጥ» ብላ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ሽቴፍካ ደወለችልኝ። ከወንዙ ማዶ የምትኖር ጠንቃቃ አርቢ ናት።

«መምህር፣ ጉድ ሆኛለሁ! ጠዋት አሥራ አንድ ንግሥት ጻፍኩ። አሁን ስከፍተው አንዷም የለችም። ጎረቤቴ ደግሞ ትናንት የጻፈው ለእሱ ይታየዋል፣ ለእኔ አይታየኝም። ምን ዓይነት ሰርቨር ነው ያመጣችሁብን?»

ወደ ማኅበሩ ቤት ሄድኩ። አሮጌው ሣጥን የመብራቱም የመስመሩም ገመድ ተሰክቶለት ያንጎራጉራል። ጋሽ ሲሪል የማር አረቄያቸውን ይዘው አጠገቡ ተቀምጠዋል።

«እንዳይደርቅ ብዬ ነው» አሉኝ ዓይኔን ሳያዩ። «ትንሽ ይንቀሳቀስ ብዬ።»

ለትያሻ ደወልኩላት፤ በቀትሩ አውቶቡስ ደረሰች። ትጮኻለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ጋሽ ሲሪል፣ አዲስ ንግሥት ሲያስገቡ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?»

«አሮጌዋን አወጣለኋ።»

«ከዚያስ?»

«አዲሷን በትንሽ ሣጥን አድርጌ ቀፎው ውስጥ አስቀምጣታለሁ። ሠራተኞቹ ሽታዋን እስኪለምዱ።»

«ለምደዋት ሥራ ከጀመሩ በኋላ፣ አሮጌዋ አሳዘነችኝ ብለው ቢመልሷትስ?»

«ደግሞ የትኛው ጅል ነው እንደዚያ የሚያ...» አሉና አቆሙ። ወደ አሮጌው ሣጥን አዩ፤ ወደ አዲሱ አዩ። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«እኔ ነኛ» አሉ።

«ሁለቱ በአንድ ስም ሲጠሩ ግማሹ አባል ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ ሄደ። የሽቴፍካ ንግሥቶች አሮጌው ውስጥ ናቸው። ደግነቱ ገና አልጠፉም።»

አሮጌውን ከመስመሩ ነጥላ አሥራ አንዱን ንግሥት አወጣችና አዲሱ ላይ አስገባች። ከዚያ «አሁን እርስዎ ያጥፉት» አለቻቸው። ጋሽ ሲሪል አጠፉት፤ እጃቸውን ግን ከላዩ አላነሱም።

«ከመስመሩ ውጪ ከሆነ... አንዴ ላብራው?»

ትያሻ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ቁልፉን ተጫኑ። ሣጥኑ ሦስት ጊዜ ቋ፣ ቋ፣ ቋ አለና ዝም አለ። እንደገና ሞከሩ። ምንም የለም።

የጋሽ ሲሪል ፊት አመድ መሰለ። «ቪንኮ እዚህ ውስጥ ነበር» አሉ።

ትያሻ በአዲሱ ሰርቨር ላይ የመዝገቡን የመጀመሪያ ገጽ ከፈተችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ። «ንግሥት ቁጥር አንድ። ገራም ናት። ሲሪልን ብቻ ነደፈችው። ጸሐፊ፦ ቪንኮ ሞችኒክ።» መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«ስሙን አልነጠቅሽውም» አሏት።

በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ስለ አዲሱ ሰርቨር የተናገሩት እሳቸው ናቸው፤ ማንም አልጠየቃቸውም። «ይሄኛው በየቀኑ ራሱን ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል፤ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ሌላ ቅጂ ክራን አለ። የአስተዳዳሪውን ሥራ ከእኔ ጋር ሽቴፍካም ትማራለች፣ እኔ ብሞት ቁልፉ አብሮኝ አይቀበርም። እናንተም ቤታችሁ ያረጀ ነገር ካለ በሕይወት እያለ አዛውሩ። አንዴ ካዛወራችሁ ደግሞ እንደ እኔ ጅል አትሁኑ፣ አሮጌውን ተዉት።» አንድ ሰው ከኋላ «ብርድ ልብሱስ?» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ ሲሪልም ሳቁ።

ስብሰባው ሲያበቃ እሳቸውን ተከትዬ ወደ ጓዳው ገባሁ። ከደረት ኪሳቸው የንግሥት መቀቢያዋን ብዕር አወጡ። የዘንድሮው ቀለም አረንጓዴ ነው። ጎንበስ ብለው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ በአዲሱ ሣጥን አናት ላይ አንድ ነጥብ አሳረፉ፤ ቀለሙ እስኪደርቅም አጠገቡ ቆሙ።