ዳጉሳውና የእማማ ጉልበት

የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። አያቴ እማማ ትርንጎ እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ከተማ፣ ግቫት ጺዮን ሰፈር፣ ቤታችን ተቀምጠው ለጎረቤታችን ለእትዬ ብርቄ ሲያወሩ እንዳሉት ጻፍኩት።

«በእኛ ጊዜ፣ ብርቄ፣ ለመክሳት ብሎ የሚበላ ሰው የት አለ? በእኛ ጊዜ ዳጉሳ የሚበላው ሆድ ስለሚይዝ ነው። ጠዋት የዳጉሳ ቂጣ በልተሽ ለአረም ትወጫለሽ፣ እስከ ማታ አይርብሽም፣ እና የከሳነው ከአረሙ ነው እንጂ ከዳጉሳው አይደለም፣ ትሰሚኛለሽ? ታዲያ አምና ጉልበቴ እንቢ አለ። ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፣ ሊፍት የለ። ሐኪሙ ‹ስምንት ኪሎ ካልቀነሱ ጉልበትዎን አልከፍትም› አለና ወደ ዲያታኒት፣ ወደ ምግብ ሐኪሟ ላከኝ። ይቺን የልጅ ልጄን አስተርጓሚ አድርጌ ሄድኩ። ሴትዮዋ እንደ ሸንበቆ ቀጭን ናት። እጇን እንዲህ እንዲህ እያደረገች ብዙ አወራች፣ ብዙ። ‹ምን አለች?› አልኳት። ይቺ መሬት መሬት እያየች ‹ዳጉሳ ይብሉ አለች› አለችኝ። ያን ሁሉ አውርታ ዳጉሳ ይብሉ ብቻ! ዕብራይስጥ ረጅም ነው አልኩ።»

እትዬ ብርቄ ሳቁ። «ታዲያ ዳጉሳውን በሉት?»

«በላሁት እንጂ! መድኃኒት አይደል? ጠዋት የዳጉሳ ገንፎ፣ ገንፎ ደግሞ ያለ ቅቤ አይወርድም፣ እና ምሳ እንጀራዬን እንደ ወትሮው፣ ማታ እንደገና ገንፎ። መድኃኒት እኮ ከምግብ በላይ ነው የሚወሰደው። ሦስት ወር እንዲህ። ታዲያ ሚዛኑ ላይ ስወጣ ያቺ ሸንበቆ ‹ማ ዜ! ምንድን ነው ይሄ! ሦስት ኪሎ ጨምረዋል!› ብላ ጮኸች። የጉልበቴም ቀጠሮ ለሌላ ዓመት ተገፋ።»

«እኔ እኮ ፈረንጅ ዳጉሳ አያውቅም ብያለሁ» አሉ እትዬ ብርቄ።

«የለም፣ ዳጉሳው ምን አጠፋ? እሷስ ምን አጠፋች? የበላሁት እኔ ነኝ» አሉ እማማ፤ ሳቁም። ከዚያ እትዬን ሊሸኙ ብለው ለመነሳት ሲሞክሩ ሁለት ጊዜ መልሰው ተቀመጡ።

የምግብ ሐኪሟ ያለችው «በእንጀራው ፈንታ ትንሽ ዳጉሳ፣ ቅቤውን ትተው» ነበር። ሁሉንም ሰምቼአለሁ። ግን በእኛ ቤት ልጅ ታላቁን ከምግብ አይከለክልም፤ እማማን «ይተዉ» ለማለት አፈርኩ። ስለዚህ ይተዉ ያለችውን ለራሴ አስቀርቼ፣ ይብሉ ያለችውን ብቻ ነገርኳቸው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።