የአርብ ፍሪታታ

ወደ ታርኔት በሚሄደው ባቡር ውስጥ አንዲት እናት ጭናቸው ላይ ሳህን አቅፈው፣ ፊት ለፊታቸው የተቀመጠውን ባለሽርጥ ወጣት ያዋሩታል።

"አብሳይ ነህ ልጄ?"

"አዎ እትዬ፣ ፊትዝሮይ ካፌ ነው የምሠራው።"

"እስቲ ንገረኝ፣ ፍሪታታ ምን ማለት ነው?"

"በጣልያንኛ የተጠበሰ ማለት ነው።"

"በቃ? ይኼን ሁሉ ስም ተሸክሞ?"

"በቃ፣ እንቁላል ጥብስ ነው። ምነው?"

"የምራቴ እናት ጣልያን ናት። የስሙን ትርጉም ብጠይቃት ስለ ሟች ባሏ አወራችኝ። አርብ አርብ ለሱ ነበር የምትሠራው።"

"ዛሬ ደግሞ ለእርስዎ ሠራችልዎት?"

"አርብ ሥጋ እንደማልበላ ሰምታ ነዋ። እነሱ በአርብ እንቁላል ይበላሉ።"

"እንቁላልም እንደማይበሉ አልነገሯትም?"

"ባሏ ከሞተ ወዲህ መጥበሻውን ያወጣችው ገና ዛሬ ነው። በየትኛው አፌ ልንገራት?"

"ታዲያ ሊጥሉት ነው?"

"ኧረ በስማም! ይጣላል እንዴ? ፍሪጅ አሳድሬ፣ ነገ አሙቄ እበላውና ደውዬ እጅሽ ይባረክ እላታለሁ።"

"የሚመጣው አርብም ብትሠራልዎትስ?"

"ከአርብ ቀጥሎ ቅዳሜ አለ አይደል?"

እኔም አጠገባቸው ሆኜ ልገምጠው የገለጥኩትን የእንቁላል ሳንድዊች ቀስ ብዬ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት።