«ቴፑ ተዘግቷል?»

ሄሎ… ማን ልበል? — ጁዲት? አንቺ ነሽ እንዴ? … አዎ፣ እዚሁ ፌፋን ደሴት ነኝ፣ አክስቴ ደጃፍ።

— ደህና አይደሉም። ከእሑድ ወዲህ እህል አልቀመሱም። … ሆስፒታል አልሄድም ብለዋል። ጀልባው ሳያደርሰኝ ይገድለኛል ይላሉ።

— ላገናኝሽ አልችልም። እኔንም አስወጥተውኛል። … ሄሎ? ትሰሚኛለሽ? አስወጡኝ ነው የምልሽ። ውስጥ ያለችው ኢተሪና ናት፣ የእህቴ ልጅ።

— ምን ያደርጋሉ፣ እያወረሷት ነዋ። መድኃኒት አዋቂ አንድ ቅጠል አስቀርታ ነው የምታስተምረው። ያቺን ልትሞት ስትል ለወራሿ ብቻ ትናገራለች። ራስሽ መጽሐፍሽ ላይ ጽፈሽው የለ?

— ሃያ ዓመት ቅርጫታቸውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ኢተሪና ቅጠል ከሣር መለየት የጀመረችው ትናንት ነው።

… እናንተ፣ የዳቦ ዛፉን ፍሬ መውቀጥ ተዉት እስቲ፣ በሽተኛ አለ። …

— አይ፣ አንቺን አልወቅስም። አንቺ ያኔ መች ነበርሽ? ለመጽሐፍሽ በቴፕ ስቀዳቸው፣ ትኩሳት የሚያድኑበትን የምስጢር ዜማ ሊነግሩኝ ሲሉ «ቴፑ ተዘግቷል?» አሉኝ። የመቅጃው ቀይ መብራት እንደበራ እየታየኝ «ተዘግቷል» አልኳቸው።

— ለምን? መጽሐፍሽ ላይ ስሜ እንዲወጣ ፈልጌ ነዋ። ወጣልኝ፣ ከዜማቸው ሥር።

— ዜማውን ከሚቀጥለው ኅትመት ታወጪዋለሽ? ከሰው ጆሮስ ማን ያወጣዋል? ወደቡ ላይ የሌላ ጎሳ ሰው ሲያዜመው ሰምተዋል እኮ። በሰው ሁሉ አፍ የገባ መድኃኒት አያድንም ይላሉ። እኔም አምናለሁ።

— አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። … ነገርኳቸው፣ ዛሬ ጠዋት፣ እግራቸው ሥር ወድቄ። «መጽሐፉን ያነበቡልኝ ቀን አውቄያለሁ፤ እስክትነግሪኝ ስድስት ዓመት ጠበቅኩሽ» አሉኝ። ከዚያ «ኢተሪናን ጥሪልኝና ውጪ» አሉ።

— አላለቅስም። … እሺ፣ እያለቀስኩ ነው።

— ምን? … አዎ፣ የውስጡ ድምፅ ይሰማኛል። ቆርቆሮ አይደል ግድግዳው። ዜማውን ጨርሰዋል… አሁን ቅጠሉን ሊነግሯት ነው።

— አይ ጁዲት፣ ቆሜ አላዳምጥም፤ ወደ ባሕሩ ዳር ልውረድ። ነገ «ሰምተሻል?» ቢሉኝ፣ አልሰማሁም ስላቸው ይህኛው እንኳ እውነት ይሁንልኝ። … ዘጋሁት።