አባ ቁረጠውና ቢጫው ቁጥቋጦ

የብርዱ ወራት ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ አንድ ጡረታ የወጡ አናጢ መጋዛቸውን ይዘው ወደ ግቢያቸው ብቅ አሉ። የሰፈሩ ሰው «አባ ቁረጠው» ይላቸዋል፤ ከእጃቸው መጋዝ፣ ከአፋቸውም ቁርጥ ያለ ነገር ጠፍቶ አያውቅምና። የዚያን ቀን የሚቆረጠው ባለቤታቸው ከአራት ዓመት በፊት በአጥሩ ጥግ የተከሉት ቁጥቋጦ ነበር። ባለቤታቸው ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ሦስተኛ ወራቸው ነው። ሐኪሙ ተነስተው እንዲለማመዱ ቢያዝም እሳቸው እንቢ ብለው፣ በመስኮቱ ሥር ተኝተው ያንን ራቁቱን የቆመ እንጨት ሲያዩ ይውላሉ።

አናጢው ግማሹን ቆርጠው እንደ ጨረሱ የጎረቤታቸው ልጅ በአጥሩ በኩል ስታልፍ አየቻቸው። እርሻ ተምራ በችግኝ ጣቢያ የምትሠራ ወጣት ናት።

«እንደምን ዋሉ አባባ! ምነው በዚህ ብርድ?»

«ደህና፣ ይመስገነው ልጄ። ይኼን መካን ልገላገለው ነው። በየዓመቱ እከረክመዋለሁ፤ እሱ ግን አንዲት አበባ አሳይቶኝ አያውቅም። ከነሥሩ ነቅዬ ጎመን እተክልበታለሁ።»

«የሚከረክሙት መቼ ነው?»

«መቼ ይሆናል? ብርዱ ሳይወጣ ነዋ! አባቴም ወይኑን የሚገርዘው ያኔ ነበር።»

«ለወይኑ አባትዎ ልክ ነበሩ። ይኼ ግን ሌላ ዓመል አለው። አይቆጡኝና፣ መካን ያደረጉት እርስዎ ነዎት።»

አዛውንቱ ቀና አሉ። «እኔ? እንጨት ስቆርጥ ሃምሳ ዓመቴ ነው! ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ።»

«ድፍረት አይሁንብኝና፣ እርስዎ የሚያውቁት የደረቀውን እንጨት ነው፤ የኔ ሥራ ደግሞ ከርጥቡ ጋር ነው» አለች ሳቅ ብላ። ከወደቁት ቅርንጫፎች አንዱን አነሳችና እምቡጡን በጥፍሯ ሰነጠቀችው። ውስጡ እንደ ክር የቀጠነ ቢጫ ነገር ታየ። «ይኸው አበባው። የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ነው። እርስዎ ሊያብብ ሲል መጋዝ ይዘው ይደርሱበታል።»

«ቢጫ ሁሉ አበባ አይደለም» አሉ፤ ልባቸው ግን መዋለል ጀምሯል።

«እንግዲያው አይመኑኝ። እነዚህን የወደቁትን ለብ ባለ ውሃ ነክረው እማማ አጠገብ ያኑሯቸው። ውሃውን በየሁለት ቀኑ ይለውጡ። በሁለት ሳምንት ካላበቡ እኔው መጥቼ ቁጥቋጦውን እነቅልልዎታለሁ፤ ጎመኑንም እተክላለሁ።»

«በቃልሽ!»

አናጢው ቅርንጫፎቹን በውሃ ማንቆርቆሪያ ነክረው መስኮቱ ላይ አኖሯቸው። አምነው አልነበረም፤ ልጅቷን ሊያሳፍሯት ነው እንጂ። ባለቤታቸውም «አሁን ደግሞ ማገዶ እያጠጣህ ነው?» ብለው ተሳለቁባቸው።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሻይ ሲያፈሉ ከመኝታ ቤት ጩኸት ሰሙ። ወደቀች ብለው እየሮጡ ገቡ። ባለቤታቸው ግን ማንም ሳይደግፋቸው ተነስተው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። አንድም ቅጠል በሌለው እንጨት ላይ ሦስት ቢጫ አበቦች ፈክተው ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ እስከ ዛሬ ስትቆርጥብኝ የኖርከው ይኼን ነው?»

ሰው ባላወቀው ነገር ቢሳሳት አይፈረድበትም፤ አውቆ ሲያበቃ ግን እልህ የያዘው እንደሆነ ያን ጊዜ ጥፋቱ የራሱ ነው። አባ ቁረጠው እልኸኛ ቢሆኑም እንዲህ ያለውን ጥፋት አልወደዱም። ኮታቸውን ደርበው በቀጥታ ወደ ችግኝ ጣቢያው ሄዱ።

«ልጄ፣ ረታሽኝ። ከእንግዲህስ ምን ላድርግ?»

«የቀረውን አይንኩት። አበባው ሲረግፍ ሳይዘገዩ ያረጁትን ግንዶች ብቻ ከሥር ይቁረጡ፤ አዲሱ ቅርንጫፍ ለከርሞ የሚያድግበት ጊዜ ያገኛል። ፀሐይ እንዳይከለልበት ብቻ ይጠብቁልኝ።»

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የተረፈው የቁጥቋጦው ወገን ቅጠል ሳያወጣ በቢጫ ተሸፈነ። ባለቤታቸው በከዘራ እየተደገፉ አጥሩ ድረስ ሄዱ፤ ልጅቷንም አስጠርተው ግንባሯን ሳሟት።

«እግሬን የጠገነው ሐኪሙ ነው፤ የምሄድበትን የሰጠሽኝ ግን አንቺ ነሽ። ተባረኪ!»

አናጢው በጊዜው ሲገርዙ ቁራጮቹን አልጣሉም፤ እርጥብ አፈር ላይ ተክለው ሥር ሲይዙላቸው ለየጎረቤቱ አደሉ። «ብርዱ ሰውን ሲያስመርር ቀድሞ የሚያብብ ይኼ ነው። የታመመ ካለባችሁ ደግሞ አንድ ቅርንጫፍ ውሃ ውስጥ አኑሩለት» ይላሉ በየደጁ። «ይኼን ማን አስተማረዎት?» ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ ቆም ብለው በኩራት ይመልሳሉ፦ «የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ዕድሜ ይስጥልኝ!»