ሁለት ባለ አንድ ኢንች

በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ አንዲት ሴትና አንድ ወጣት የውሃ ባለሙያ ያወራሉ።

«ባለ ሁለት ኢንች ቧንቧ ዘርጉ ተብለን ሁለት ባለ አንድ ኢንች ዘረጋን፤ ልጄ። አሁን አንድ ጀሪካን እስኪሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች።»

«ማን መከራችሁ፣ እትዬ?»

«ሽማግሌዎቻችን ናቸዋ። አንድና አንድ ሁለት ነው አሉ።»

«ድምሩማ ልክ ነው። ያልተማረው ውሃው ነው።»

«ስንት መግዛት ነበረብን?»

«አራትም አይበቃችሁ። አፉ ከዳር እስከ ዳር እጥፍ ሲሆን የሚይዘው ውሃ አራት እጥፍ ነው፤ ጠባቡ ደግሞ ውሃውን እየፈተገ ያዘገየዋል።»

«እንግዲያ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ወርደው ይቅዱልን።»

በማግስቱ ጠዋት፣ የዳንግላው ሻጭ ባለ ሁለት ኢንች ይሻላል እያለኝ እንቢ ብዬ ለመንደሬ ምንጭ የገዛኋቸውን ሁለት ጥቅል ባለ አንድ ኢንች ቧንቧ አስጭኜ ወደ ዳንግላ ተመለስሁ።