ሰውየው ተመለሰ ያልኩበት ፊልም

አይ አቶ ደግሰው፣ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ቢሆኑም ይቺን እንኳ አልውጣትም። «ደሳለ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ችግሩ ያላየውን ማውራቱ ነው» ብለው መረቁኝ፣ ቤቱም አጨበጨበ። ምኑ ነው የሚጨበጨበው? እኔ ያላየሁትን አውርቼ አላውቅም። ያንን ፊልም ከእርስዎም፣ እዚህ ከተቀመጠው ሁሉም ቀድሜ እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። መጨረሻውን የቀየርኩት አውቄ ነው። ውሸታም ተብዬ ከዚህ ሆቴል አልወጣም። ውሸታም መሆን አለመሆኔን የሚፈርዱልኝ አንድ ሰው ናቸው፣ እሳቸውም ያውና በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ሳይፈርዱልኝ አልሄድም።

ለካ ምስጋና ይቀድማል። ክቡራትና ክቡራን፣ የሆቴላችን ሠራተኞች በሙሉ፣ ስላረዳችሁልኝ በግ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ጃኬቱም እንደዚሁ። እጅጌው ያጥራል። ስትገዙ ማንን እንደለካችሁበት አላውቅም፣ እኔን ግን አልለካችሁም። ቢሆንም የምሄድበት ኮን ብርድ ነው፣ ከነማጠሩ እለብሰዋለሁ።

ኮን የምሄደው ተባርሬ እንዳይመስላችሁ። ተባርሬ ነው፣ ግን እንዳይመስላችሁ። ገበያው ዳር አንድ አዳራሽ ይዣለሁ፣ እዚያ ፊልም አቀርባለሁ። የኮን ሰው ዕድለኛ ነው።

ራሴን ማሞገስ አልወድም፣ ሌላ የሚያሞግሰኝ ስለጠፋ ነው። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። እዚህ የገባሁትም ሻንጣ ተሸካሚ ሆኜ ነው። ግን ቅዳሜ ከሰዓት መጋረጃው ተዘግቶ በዚህ አዳራሽ ፊልም ማሳየት ሲጀመር ማን ቆሞ አቀረበ? ዲግሪ ያላቸው ነበሩ። አንዱ ተነስቶ «ይህ ፊልም የተሠራው በዚህ ዓመተ ምሕረት ሲሆን» ብሎ ሲጀምር ግማሹ ሰው ወጣ። እኔ ስነሳ የወጣውም ተመልሶ ገባ።

ሙያውን ማን አስተማረህ ትሉኝ ይሆናል። ዲሽ ነዋ። እንግዳ መቀበያው ቴሌቪዥን ላይ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። እግሩን አነባብሮ ወንበር ላይ ይቀመጥና የድሮ ፊልም ያቀርባል። ምን እንደሚል አንድ ቃል አይገባኝም። እንዴት እንደሚል ግን ይገባኝ ነበር። ድምፁን ዝቅ ካደረገ ምስጢር አለ ማለት ነው። ፈገግ ካለ የሚሞት ሰው አለ ማለት ነው። ከዚያ ዝም ብሎ ያይሃል። ያቺን ዝምታውን ነው የወሰድኩበት።

ቃሉን ደግሞ እንግዳ ተቀባይዋ ማርያማዊት ትነግረኝ ነበር። እንግዳ ሲጠፋ እሷ ጋ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀድመን እናየዋለን። «ምን አለችው?» እላታለሁ። «ደህና እደር አለችው» ትለኛለች። ኧረ ፊቷን እይው፣ እንዲህ ያለ ፊት ይዞ ደህና እደር የሚባል አለ? እላታለሁ። ቅዳሜ ላይ እኔ «ልትገድለኝ ከሆነ ነገ ግደለኝ፣ ዛሬ አጠገቤ ተቀመጥ አለችው» ብዬ አቀርበዋለሁ። ሰው ትንፋሹን ይይዛል፣ ማርያማዊት ከኋላ አፏን ይዛ ትስቃለች። ያላየሁትን አወራሁ? ፊቷን አይቼ ነው ያወራሁት።

የድሮ የፍቅርና የስጋት ፊልም እንደኔ የሚገባው ላስታ ውስጥ የለም። የአሁኑ ፊልም ሁሉን ያሳይሃል፣ ደሙንም ገላውንም። የድሮው በሩን ይዘጋብህና እጀታውን ብቻ ያሳይሃል። እጀታው ቀስ ብሎ ይዞራል። የሚገባው ባሏ ነው ወይስ ገዳይዋ? ወይስ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው? እዚህ ቤት ያገባ ሁሉ ይቺን ጥያቄ ያውቃታል። የሚወዱትን ሰው መፍራት፣ የሚፈሩትን ሰው ደግሞ ደጅ ደጅ እያዩ መጠበቅ። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ አሮጌ ነው የሚል ሰው ፍቅር ይዞት አያውቅም።

መሳሳም ሲመጣስ? ዘበኛችን አያ ወልደ ኪዳን ልጆቻቸው ዲያቆናት ናቸው። «አንተ ልጅ፣ የደብር አገር ነው፣ ሸፈን አድርገው» አሉኝ። ሸፈንኩ። ከንፈር ከንፈር ሊነካ ሲል እጄን ፕሮጀክተሩ ላይ ጣል አደርጋለሁ፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልነው አንሶላ ይጨልማል፣ እኔም «አሁን እየተመካከሩ ነው» እላለሁ። በነጋታው አያ ወልደ ኪዳን በር ላይ ያቆሙኝና ግራ ቀኝ አይተው፣ ምክሩ ረዘመ ወይ ይሉኛል።

እንግዲህ ወደዚያ ፊልም ልምጣ። አዲስ የገባችሁ አላችሁና እንዳይምታታባችሁ።

የወደብ ከተማ ነው። አንዲት ጓንት ሻጭ አለች። አንድ ቀን ቆንጆ ሰውዬ ይመጣና የግራ እጅ ጓንት ብቻ ሽጪልኝ ይላታል፣ ቀኙ አለው። ይዋደዳሉ። ኋላ ፖሊስ ይመጣና አንድ ሀብታም ታንቆ መሞቱን፣ ሬሳው አጠገብ የግራ ጓንት መገኘቱን ይነግራታል። ትናገር ወይስ ዝም ትበል? ዝም አለች። ሰውየው እመለሳለሁ ብሏት መርከብ ተሳፈረ። እሷ ወደቡ ላይ ቆማ፣ መርከቡ እያነሰ እያነሰ ሲሄድ፣ ድርግም። መብራት ጠፋ።

ያ መብራት ስንት ጊዜ ቆይቶ እንደመጣ ታውቃላችሁ። ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጥቷል።

እትዬ ብርቅዬ ያን ቀን በሩ ላይ ነበሩ። ልብስ አጣቢያችን ናቸው፣ ፊልም የምናሳይበትን አንሶላ አጥበው ተኩሰው የሚሰጡን እሳቸው ናቸው። እስከዚያን ቀን ግን ተቀምጠው አይተው አያውቁም ነበር። ባላቸው ደርበው ሹፌር ነው። ያን ሰሞን ጭነት ሊያመጣ ወልዲያ ወርዶ መንገዱ በጦርነቱ ከኋላው ተዘጋ። ስልኩም ተቆረጠ። እትዬ ብርቅዬ ቅርጫታቸውን ታቅፈው መርከቡን ያዩ ነበር። መብራቱ ሲጠፋ ሁሉም ያጉረመርማል፣ እሳቸው ግን፣

«ተመለሰ?» አሉኝ።

ሁላችሁም ወደኔ ዞራችሁ። አቶ ደግሰው፣ እርስዎም ዞረዋል። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሏቸው ነበር? ፊልሙ የተሠራበትን ዓመተ ምሕረት?

«ተመልሷል» አልኩ።

አዛኝ ነኝ እያልኩ አይደለም። ማዘን ልማዴም አይደለም። አቅራቢ ነኝ፣ ፊቴ ማን እንደቆመ አያለሁ፣ ያየሁትን አይቼ እናገራለሁ። ስንወጣ ማርያማዊት ክንዴን ይዛ «አልተመለሰም እኮ» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት።

ከዚያ ወዲያ ጄኔሬተሩ ናፍጣ አጣ፣ ቤቱ እንግዳ አጣ፣ እኛም ደመወዝ አጣን። ሰው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣቱን አልተወም። ከሁዳዴ በቀር አንድ ቅዳሜ አላለፈም። አንሶላው ባዶውን ይሰቀላል፣ እኔ ፊቱ ቆሜ አወራለሁ። መመለሱንማ ነግሬያቸዋለሁ፣ እነሱ የሚፈልጉት አመላለሱን ነው። አንዴ ማዕበል አስነሳሁበት። አንዴ በማያውቀው ወንጀል አሳሰርኩት፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ አስፈታሁት። ገዳዩን ራሱን ፖሊሱን ሳደርገው ሰው ጮቤ ረገጠ። ሰውየውን ለልመና እንኳ አላወጣሁትም፣ ኮቱን ሸጦ ነው የተሳፈረው። እትዬ ብርቅዬ ያኔ ከፊት መቀመጥ ጀምረው ነበር። አንድ ቀን አቋርጠውኝ «በልቶ ነው የመጣ?» አሉኝ። በልቷል አልኳቸው። ምን እንደበላም ነገርኳቸው።

አቶ ደግሰው፣ መርከቡ የት ደረሰ እያሉ በሳምንቱ መሐል ኩሽና ድረስ ይመጡብኝ የነበሩት እርስዎ አይደሉም? ያኔ «ያላየውን ያወራል» አላሉም። ያኔ «ቀጥል» ነበር ያሉት።

መብራቱ መጣ። ፊልሙን ካቆመበት እንቀጥል አሉ። ለብቻዎ ጠርቼ ሌላ ፊልም እናሳይ አልኩዎት። አፈር ስሆን ብዬ ለመንኩዎት፣ እኔ ሰው ለምኜ የማላውቀው። «ሰው መጨረሻውን በዓይኑ ይይ» አሉኝ። ጭራሽ እኔን አስቀምጠው በፍላሽ የመጣ አቅራቢ አሳዩን። አዲስ አበባ የሆነ ቦታ ቁጭ ብሎ የድሮ ፊልም የሚያቀርብ፣ ክራቫት ያሰረ ልጅ። አይከፋም፣ እግር ማነባበሩንም ያውቅበታል። ግን ፍላሽ ውስጥ ያለ ሰው በሩ ላይ ማን ቅርጫት ይዞ እንደቆመ በየት ያያል? መንገዱ ተከፍቶ፣ ስልኩ ሠርቶ፣ የደርበው ወሬ እስከዛሬ እንዳልመጣ ማን ይነግረዋል?

መጨረሻው ሲቃረብ እጄን ፕሮጀክተሩ ላይ ጣልኩ። መሳሳም መስሏችሁ ሳቃችሁ። እኔ «ተመለሰ፣ ወደቡ ላይ ወረደ፣ ያው እየመጣ ነው» እያልኩ እጄን አላነሳሁም። ማጉረምረም ተጀመረ። አቶ ደግሰው መጥተው አንጓዬን ጨምድደው አነሱት። አንሶላው በራ። ሰውየው ሌላ ወደብ ላይ፣ ሌላ ሴት ታቅፎ፣ ጓንቱን ባሕር ውስጥ ሲወረውር ሁላችን አየን። ገዳዩም እሱው ነበር።

እትዬ ብርቅዬ ተነሱ። ወደፊት መጡና አንሶላውን ከግድግዳው ላይ ነቀሉት። ፊልሙ የግድግዳው ድንጋይ ላይ ቀጠለ። አጣጥፈው ብብታቸው ስር ይዘው ወጡ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰላም ስላቸው አይመልሱልኝም። በሳምንቱ እኔም «ደንበኛ ረብሿል» ተብዬ ተሰናበትኩ።

የመረረኝ ስንብቱ አይደለም። ሻንጣ የትም አለ፣ ትከሻም አለኝ። የመረረኝ እናንተ ናችሁ። አፌ እስኪደርቅ ያንን ፍጻሜ ያስወራችሁኝ ሁሉ፣ እኔ ቢሮ ቆሜ ስጠየቅ «እኛም ፈልገነው ነበር» ያለ አንድ ሰው ጠፋ። አያ ወልደ ኪዳን መሬት መሬት አዩ። ማርያማዊት፣ አንቺም «እኔ በትክክል ነው የተረጎምኩለት» ብለሽ ወጣሽ። እውነትሽን ነው፣ በትክክል ተርጉመሻል። አውቄ የቀየርኩት መሆኑን ግን ከኔ ሌላ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ።

በቃ፣ ልመርቅና ልውጣ። እንግዳ እንደ ገና ሰሞን ይጉረፍላችሁ። አያ ወልደ ኪዳን፣ ልጆችዎን ለቅስና ያብቃልዎ። ማርያማዊት፣ ፈረንጅኛሽ ከዚህ ተራራ አሻግሮ ጥሩ ቦታ ያድርስሽ፣ አብሽሪ፣ ቂም አልያዝኩም፣ ትንሽ ብቻ ነው የያዝኩት። አቶ ደግሰው፣ ፍላሽዎን ቫይረስ አይብላብዎት። መብራት አይጥፋባችሁ። ቢጠፋባችሁም የሚያወራላችሁ ሰው አይጥፋባችሁ።

እትዬ ብርቅዬ፣ ለእርስዎ ምርቃት አላዘጋጀሁም፣ ጥያቄ ነው ያለኝ። ደርበው ያለበትን አምላክ ያውቃል፣ እኔ አላውቅም፣ አውቃለሁም ብዬዎት አላውቅም። ያን ቀን ግን፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ አልተመለሰም ልበልዎ ነበር? ቀና ይበሉና ይዩኝ። አዎ ወይም አይ ይበሉኝ፣ ሌላ አልፈልግም። የኮን መኪና ሊወጣ ነው፣ ቶሎ ይመልሱልኝ።